ለሩዝ የሚስማማውን መሬት በካርታ ስለ መለየት

ማናቸውም ዘር የሚወደው ስፍራና የሚጠላው ስፍራ አለው። ገብስ ደጋውን ይወዳል፤ ማሽላ ቆላውን ይወዳል፤ ጤፍ ይልቁንም በወይና ደጋ ይመቸዋል። ይህን ሁሉ የጎጃም ገበሬ ከአባቶቹ ተምሮ ስለሚያውቀው ነጋሪ አያሻውም። ሩዝ ግን ለአገራችን አዲስ እህል ስለ ሆነ ከአባት የተወረሰ ልማድ የለውም። ስለዚህ የት እንደሚያፈራና የት እንደማያፈራ ለማወቅ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው። ከመንገዶቹም አንዱ ካርታን ማንበብ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለምትገኙ ገበሬዎች፤ ከእናንተም ጋር አብረው ለሚሠሩት የልማት ሠራተኞች ነው። ጥያቄው «ሩዝ የፎገራን ገበሬ ከጠቀመ እኛስ ለምን አንዘራም?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይመረምሩ አዎን ማለትም፤ ሳይመረምሩ አይሆንም ማለትም አይገባም። አንድ ጥማድ መሬት ያለ ቦታው ሩዝ ቢዘራበት የሚጠፋው ዘሩ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ የዓመት እህል፤ የበሬውና የሰው ድካም፤ የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሩዝ በፎገራ እንዴት ሰመረ?

በጣና ሐይቅ በምሥራቅ በኩል የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። በዚህ ምክንያት ስፍራው ቀድሞ በአብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበረ፤ ውሃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ጓያና የመሳሰለው ይዘራበት ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት መሬት ላይ ሩዝ ተሞከረ፤ በሙከራውም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ረዱ። እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ የሚጠራው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስፍራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሩዙ ወደ ደራና ወደ ሊቦ ከምከም ተስፋፋ። ገበሬው ሩዙን ከጤፍ ጋር እየደባለቀ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ዳቦና ጠላም ይሠራበታል፤ ገለባውን ለከብቱ ይመግባል። መንግሥትም ሩዝን የሚሊኒየም ሰብል ብሎ ሰየመው፤ በ2010 ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ቀድሞ ከጎጃም ይቆጠር በነበረው በመተከል፤ በፓዌ፤ የደረቅ መሬት ሩዝ ተሞክሮ ተገኝቷል። ከነዚህም ዝርያዎች አንዱ ወገን ኔሪካ የሚባለው ነው። ኔሪካ የአፍሪካን ሩዝ ከእስያ ሩዝ ጋር በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፤ ሥራውን የመሩት የሴራሊዮን ተወላጅ ዶክተር ሞንቲ ጆንስ በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተቀበሉት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ሆነዋል።

እንግዲህ ፎገራ የሰመረለት ሩዝ ድንቅ ዘር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። አራት ነገሮች በአንድ ስፍራ ስለ ተገናኙለት ነው፤ እነርሱም ሙቀት፤ ውሃ፤ የመሬት ልክነትና ውሃ የሚይዝ አፈር ናቸው። ካርታ የሚሠራውም እነዚህ አራቱ የት የት አብረው እንደሚገኙ ለማሳየት ነው።

ካርታው የሚሠራበት መንገድ

ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት አራት ስስ ወረቀቶችን አስቡ፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ይሁኑ። በአንደኛው ወረቀት ላይ የወረዳችሁ ሙቀት ተሥሏል፤ በሁለተኛው ዝናቡ፤ በሦስተኛው የመሬቱ ተዳፋት፤ በአራተኛው የአፈሩ ዓይነት። በያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሩዝ የማይወደው ስፍራ በጥቁር ተቀብቷል። አራቱን ደራርባችሁ ወደ ፀሐይ ብትይዟቸው ብርሃን የሚያልፈው በአራቱም ወረቀቶች ላይ ባልጠቆረው ስፍራ ብቻ ነው። ለሩዝ መታሰብ የሚገባው ቦታ ያ ነው።

ይህ ዘዴ ቀድሞ በእጅ ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት የካናዳ መንግሥት የሰፊ አገሩን መሬት ለየትኛው ሥራ እንደሚሻል ለመለየት ሲነሣ ወረቀት መደራረቡ ስላልተቻለ ሥራው ለኮምፒዩተር ተሰጠ፤ ዛሬ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት የሚባለው ሙያ ከዚያ ጀመረ። በኛም አገር ከ1958 እስከ 1964 የዓባይ ተፋሰስ ውሃና መሬት በአሜሪካ ባለሙያዎች እርዳታ ተጠንቶ የመሬት ምደባ ተደርጎለት ነበር። በየካቲት ወር 2000 ደግሞ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር እየቃኘች የአብዛኛውን ዓለም ከፍታና ዝቅታ ለካች። ያ ልኬት ዛሬ ለማንም በነጻ ስለሚገኝ የወረዳ ባለሙያ ኮምፒዩተር ካለው የጎጃምን ተራራና ሸለቆ በጠረጴዛው ላይ ሊያይ ይችላል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1976 ባወጣው መመሪያ መሬት በአራት ደረጃ ይመደባል፤ በጣም የሚስማማ፤ በመጠኑ የሚስማማ፤ በጥቂቱ የሚስማማና የማይስማማ። አሁን አራቱን ወረቀቶች በየተራ እንመልከት።

1ኛ. የሙቀት ካርታ

ሩዝ የሞቃት አገር ተክል ነው። ብርድ በጣም የሚጎዳው ሊዘረዝር ሲቃረብ፤ ዛላው ገና በአገዳው ውስጥ ሳለ ነው። በዚያ ጊዜ የሌሊቱ ሙቀት ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሆነው ልክ እየወረደ ሲቆይ ብዙዎቹ ዝርያዎች ይመክናሉ። ተክሉ ለምለም ሆኖ ይታያል፤ ዛላም ያወጣል፤ ነገር ግን ፍሬ ሳይቋጥር ነጥቶ ይቀራል። ገበሬው ችግሩን የሚያውቀው በአጨዳ ጊዜ ሲሆን፤ ያን ጊዜ ሌላ ዘር ለመዝራት ወቅቱ አልፏል።

መሬት ከፍ ባለ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፤ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የፎገራ ሜዳ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ የደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 650 ሜትር ስለ ሆነ ደብረ ማርቆስ ከፎገራ ወደ 4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። 4 ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ለሩዝ ግን በምርትና በገለባ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ፎገራ ራሱ ለሩዝ ሙቀት ከወሰኑ ላይ ያለ ስፍራ ሆኖ ብርድ የሚችሉ ዝርያዎች አስፈልገውታልና።

2ኛ. የውሃ ካርታ

በዝናብ ብቻ የሚበቅል ሩዝ በዕድገቱ ወራት ብዙ ዝናብ ይፈልጋል፤ 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያገኝ መልካም ነው። በዚህ በኩል የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ አይታማም። ነገር ግን የዓመቱን ድምር ብቻ መመልከት ያሳስታል። ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሩዙ በሚያሸትበት በመስከረምና በጥቅምት ውሃ ቢያጣ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ አይክሰውም። ወንዝ ሞልቶ የሚያለብሰው ሜዳ ዝናቡ ካቆመ በኋላም እርጥበት ስለሚይዝ በዚህ ይበልጣል።

3ኛ. የተዳፋት ካርታ

ውሃ ተኝቶበት የሚበቅለው ሩዝ ልክ የሆነ ሜዳ ይሻል፤ ተዳፋቱ ከ100 ሜትር ርቀት ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። የደረቅ መሬት ሩዝ ከዚህ የበለጠውን ይችላል፤ ቢሆንም ተዳፋቱ ከበዛ አፈሩ ይታጠባል።

የልማት ሠራተኞች ተዳፋትን ያለ ኮምፒዩተርም ከካርታ ሊያሰሉ ይችላሉ። የአገራችን ካርታ 1 ለ50,000 ተብሎ የተሠራው በእጃችሁ ካለ፤ በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ነው። ቡናማዎቹ መስመሮች እኩል ከፍታን የሚያሳዩ ሲሆኑ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጥሎ ያለው 20 ሜትር ከፍታ ነው። ሁለቱ መስመሮች በ1 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ 20 ሜትር ለ500 ሜትር፤ ማለት ከመቶ 4 ተዳፋት ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ ከመቶ 2 ነው፤ ይህ ለሩዝ ውሃ ለመያዝ ይመቻል። በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢራራቁ ግን ከመቶ 20 ነው፤ እንዲህ ያለው መሬት እርከንና ዛፍ እንጂ ሩዝ አይገባውም።

4ኛ. የአፈር ካርታ

ለሩዝ የሚሻለው ውሃ የሚይዝ ከባድ አፈር ነው። ዋልካ ወይም መረሬ የምትሉት ጥቁር አፈር ለዚህ የተመቸ ነው። አሸዋማና ድንጋያማ መሬት ውሃውን ወደ ታች ስለሚያሰርገው ለውሃ ሩዝ አይሆንም። ከፍ ባለው ጎጃም የሚገኘው ቀይ አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣነት አለው፤ ሩዝ መጠነኛ ኮምጣጣነትን ከብዙዎቹ ሰብሎች ይልቅ ይችላል፤ ውሃ ካልያዘ ግን ይህ ብቻውን አይጠቅምም።

በስሌት መሳሳት

አሁን ትልቁን ስሕተት እናሳያችሁ። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ለያንዳንዱ ነገር ከ1 እስከ 4 ነጥብ እየሰጡ ይደምሩና ያካፍላሉ። ለምሳሌ በአንድ ስፍራ ውሃው 4፤ ተዳፋቱ 4፤ አፈሩ 4፤ ሙቀቱ ግን 1 ቢያገኝ ድምሩ 13 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3.25 ነው። በሌላ ስፍራ ደግሞ አራቱም 3 ቢያገኙ ድምሩ 12 ሆኖ ሲካፈል 3 ይመጣል። በስሌቱ መሠረት የመጀመሪያው ስፍራ ይበልጣል፤ በእውነቱ ግን በመጀመሪያው ስፍራ ሩዙ በብርድ መክኖ ገለባ ብቻ ይታጨዳል፤ በሁለተኛው ግን ደህና ምርት ይገኛል።

ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በሬዎች ሲጠመዱ አንዱ በሬ ብርቱ ቢሆን የሌላውን ሽባነት አይሞላውም። ስለዚህ አስቀድሞ ሩዝ ከቶ የማይችለውን ነገር ለይቶ ያን ስፍራ ከካርታው ማውጣት ይገባል፤ ነጥብ መስጠትና ማወዳደር ለቀረው ነው። የልማት ሠራተኞች «ይህ ወረዳ ለሩዝ ይስማማል» የሚል ካርታ ሲመጣላችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት «ሙቀቱ በአማካይ ውስጥ ተደባልቋል ወይስ አስቀድሞ ተለይቷል?» ብላችሁ ይሁን።

ካርታው ስለ ደብረ ማርቆስና ስለ አካባቢዋ ምን ይላል?

አራቱን ወረቀቶች በዚህ አካባቢ ላይ ብንደራርብ የሚታየው እንደሚከተለው ነው።

ከጮቄ ተራራ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በሚያልፈው በጨሞጋ ወንዝ ዳር ረግረግና ሜዳ አለ። ውሃው አለ፤ ልክነቱ አለ። በቢቸና፤ በእነማይና በደጀን በኩል ያለውም ጥቁር አፈር ሰፊና ውሃ የሚይዝ ነው። የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው እነዚህን ቢያይ «ያው ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን በሙቀት ወረቀት ላይ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። በደብረ ማርቆስ የክረምቱ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ይህ መሬት በታወቀበት በጤፍ፤ በስንዴና በጥራጥሬ ቢቀጥል ይሻላል፤ ውሃ የሚተኛበትም ቦታ ሰፋ ባለ መደብና ማጠንፈፊያ ቦይ ይታረም።

ወደ ዓባይ በረሃ ብንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ይገኛል። ከደጀን በታች ያለው የዓባይ ድልድይ ከፍታው 1,000 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን እዚያ ተዳፋቱ ገደል፤ አፈሩም ድንጋያማ ስለ ሆነ በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ይጠቁራል። ሜዳው ብርድ፤ ሙቀቱ ገደል ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ሊመረመር የሚገባው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ይኸውም ከደጋው ወርደው የሚገኙ፤ ሙቀት ያላቸውና ሜዳ የሆኑ ስፍራዎች ናቸው። በጃቢ ጠህናን በኩል ወደ ብር ሸለቆ ያለውን የመሰለው በዚህ ዓይን መታየት አለበት። የልማት ሠራተኞች በካርታችሁ ላይ ከ1,800 ሜትር በታች ያለውን በአንድ ቀለም ብትቀቡና ከውስጡ ሜዳውን ብትለዩ ለመመርመር የሚበቃው ቦታ ወዲያው ይታያችኋል። ይህ «ዝሩ» ማለት አይደለም፤ «ሄዳችሁ ተመልከቱ» ማለት ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «በኔፓል አገር በጁምላ ከ2,300 ሜትር በላይ ሩዝ ይበቅል የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይበቅላል። ነገር ግን በኔፓል ዝናብ የሚዘንበው የዓመቱ ሙቀት በሚበረታበት ወራት ነው። በኛ አገር ክረምቱ ደመና የለበሰና ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀታችን የሚበረታው በበጋ መጨረሻ፤ ዝናብ ሳይገባ ነው። ዘራቸውም ለብዙ ዘመን በዚያው ብርድ ተመርጦ የኖረ ነው። ስለዚህ ከፍታን ብቻ ከሌላ አገር ጋር ማመሳሰል አይበቃም፤ ሩዙ በሚዘረዝርበት ወር ያለውን ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል።

ካርታ የማያሳየው ነገር

በ2010 የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ በአገራችን በዝናብ ለሚበቅል ሩዝ የሚሆን 30 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት አለ ይላል። ይህ ቁጥር ለአገር ዕቅድ ይጠቅማል፤ ስለ እናንተ ማሳ ግን የሚናገረው የለም። ምክንያቱም ካርታው የሚያየው በትልቅ በትልቁ ነው። ከጠፈር ከተገኘው የከፍታ ልኬት አንዱ ዓይነት መሬትን በ90 ሜትር ካሬ ይከፋፍላል፤ አንዱ ካሬ 8,100 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ፤ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ስለ ሆነ አንዱ ካሬ ከሦስት ጥማድ ይበልጣል። የአየር ጠባይ ካርታ ብዙ ጊዜ በ1 ኪሎ ሜትር ካሬ የተሠራ ነው፤ በውስጡ 100 ሄክታር አለ። በነዚያ 100 ሄክታሮች ውስጥ ጉብታም አለ፤ ረግረግም አለ፤ ካርታው ግን አንድ ቀለም ብቻ ይሰጣቸዋል።

ደግሞም ካርታው መሬቱ የማን እንደ ሆነ አያውቅም። ሜዳ ሆኖ ውሃ የሚተኛበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ ነው፤ ምንጭም አለበት፤ ለጎጆ ክዳን የሚሆን ሣርም ይታጨድበታል። በካርታ ላይ «በጣም የሚስማማ» ተብሎ ስለ ተቀባ ብቻ የድሃው ላም የምትውልበት መስክ አይታረስ። ይህ በቀበሌው ሸንጎ፤ በይዞታ ደብተርና በሽማግሌ የሚታይ ነገር ነው። እንዲሁም የሩዝ መፈልፈያ በአቅራቢያ ከሌለ ምርቱ ቢገኝም ለገበያ አይደርስም፤ ካርታው ይህንንም አይነግራችሁም።

ወደ ማሳው ወርዶ ስለ መመርመር

ስለዚህ ካርታው ተስፋ የሰጠውን ስፍራ በሚከተለው መንገድ መርምሩ።

1. ገበሬውና የልማት ሠራተኛው አብረው ወደ ማሳው ይሂዱ። በክረምት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስና ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠየቅ፤ ይህን ከማናቸውም ካርታ ይልቅ የሚያውቁት በስፍራው ያረጁ አባቶችና እናቶች ናቸው።

2. ተዳፋቱን በገመድና በውሃ ልክ ለኩ።

3. አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። እርጥቡን አፈር በእጃችሁ አድቦልቡሉት፤ ሳይፈርስ እንደ ገመድ ከተሳበ ከባድ አፈር ነው። ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ውሃ ሙሉት፤ ሁለተኛው ውሃ እስከ ማግሥቱ ከቆየ አፈሩ ውሃ ይይዛል።

4. የልማት ሠራተኛው የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በጥላ ሰቅሎ ነሐሴንና መስከረምን በየማለዳው ይጻፍ። የአንድ ክረምት መዝገብ ከብዙ ግምት ይሻላል።

5. ሁሉ ከተስማማ በመጀመሪያው ዓመት ከሩብ ጥማድ አትለፉ። ዘሩን ከታወቀ የምርምር ማዕከል ወይም ከታመነ ዘር አቅራቢ ውሰዱ፤ የትኛው ዝርያ ለከፍታችሁ እንደሚሆን ጠይቁ። የቀረውን መሬት በለመዳችሁት እህል ዝሩ፤ ሙከራው ቢከሽፍ ቤታችሁ አይራብም።

6. በአጨዳ ጊዜ ዛላውን በጣታችሁ እየፈተጋችሁ ባዶውንና ፍሬ የያዘውን ቁጠሩ። ከባዶው ከበዛ ምክንያቱን ጻፉ፤ ያ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ካርታ እርማት ይሆናል።

ገበሬዎች ሆይ፤ ካርታ ማለት የብዙ ሰው ዓይን በአንድ ወረቀት ላይ የተሰበሰበበት ነው። የማያውቁትን አገር ያሳያል፤ ድካምንም ያቀልላል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ማሳው ነው። በደብረ ማርቆስ ደጋ ያላችሁ ካርታው ሩዝን ቢከለክላችሁ እንደ ጉዳት አትቁጠሩት፤ ሳትዘሩ ስላወቃችሁ የዓመቱን እህል አትርፋችኋል። በቆላውና በሞቃቱ ሜዳ ያላችሁ ደግሞ ካርታው ቢፈቅድላችሁ በጥቂቱ ጀምሩ፤ የጠቀመውን አስፉ፤ ያልጠቀመውን ለጎረቤት ንገሩ።